ለጣሪያ ሬዲዮ የትኛው ኃይል መስጫ ይገዛ? አዳማ ላይ አዳፕተር፣ ኢንጀክተርና ሚኒ ዩፒኤስ ሲመዘኑ

ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ኢንተርኔት የሚያሻግር የጣሪያ ሬዲዮ ድንገት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ራሱ ሬዲዮው ነው። «ተቃጥሏል» ይባልና አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው እየበራ መጥፋት ይጀምራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ታች ነው፦ ዲቫይደሩ ላይ በተሰካው ትንሽ አዳፕተር፣ ወይም ከእሱ ተነስቶ ጣሪያ በሚወጣው ገመድ፣ ወይም በገመዱ ጫፍ ባለው ኮኔክተር። ስለዚህ ይህ ግምገማ ሬዲዮዎቹን ትቶ ለእነሱ ማብሪያ ተብለው የሚሸጡትን ሦስት ዕቃዎች ይመለከታል፦ ከሬዲዮው ጋር በካርቶኑ የሚመጣውን ኦርጅናል አዳፕተር፣ ስም የሌለውን ርካሽ ኢንጀክተር (ኃይልን ወደ ኔትወርክ ገመዱ የሚያስገባ ዕቃ)፣ እና መብራት ሲሄድ እንዲያቆይ የሚገዛውን ባለ ባትሪ ሚኒ ዩፒኤስ። ገመዱም አብሮ ይመዘናል፤ እሱን ትቶ ስለ ሦስቱ መፍረድ አይቻልም።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚገዙት የዩቢኩዊቲ ናኖስቴሽንና ላይትቢም፣ የማይክሮቲክ ኤልኤችጂና ኤስኤክስቲ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ በኩል፣ ባብዛኛው በ24 ቮልት ፓሲቭ ፒኦኢ ነው፤ ፒኦኢ ማለት ኃይልን በኔትወርክ ገመድ መላክ ነው። «ፓሲቭ» ሲባል አዳፕተሩ ጫፍ ላይ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ እንደተሰካ ቮልቱን ይለቃል። ከኮኔክተሩ ስምንት ፒኖች ፒን 4 እና 5 ማለትም ሰማያዊና ነጭ-ሰማያዊ ፖዘቲቩን፣ ፒን 7 እና 8 ማለትም ነጭ-ቡናማና ቡናማ ኔጋቲቩን ይሸከማሉ። ይህችን የቀለም ቅደም ተከተል ማወቅ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ትጠቅማለች፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

ኦርጅናሉን አዳፕተር በተመለከተ ፍርዱ አጭር ነው፦ ካለዎት አይለውጡት፣ ከሌለዎት ይፈልጉት። ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ለላይትቢም የሚመጣው 24 ቮልት 0.3 አምፒር ነው፤ ለናኖስቴሽን የሚሆነው 24 ቮልት 0.5 አምፒር፤ 1 አምፒር የሚሰጥም አለ። ትልቁን አምፒር ለትንሹ ሬዲዮ ቢሰጡት ምንም አይሆንም፤ ሬዲዮው የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ትንሹን ለትልቁ ከሰጡ ግን ሬዲዮው ይነሳል፣ ብዙ ዳታ ማስተላለፍ ሲጀምር ኃይል ያጥረዋል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ቀን ሰው ሲበዛ የሚቆራረጥ፣ ሌሊት ደህና የሚያድር ሊንክ ካለ ይህንን ቀድሞ መጠርጠር ጥሩ ነው።

የዩቢኩዊቲውን ኦርጅናል ከሌሎቹ የሚለየው ሌላው ነገር ባለ ሦስት እግር መሆኑ ነው። በውስጡ ያለው የሰርጅ መከላከያ በገመዱ የመጣን ትርፍ ቮልት የሚያወርደው በሦስተኛው እግር፣ በግራውንዱ ነው። በብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ከኋላ ግራውንድ አልተሳበለትም፤ ያኔ መከላከያው የሚያወርድበት መንገድ የለውም፣ ትርፉ ወደ ሬዲዮው ወይም ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው በፌዝና በግራውንድ መካከል ያስለኩ፤ 220 አካባቢ ካላሳየ ግራውንዱ የለም ወይም ተበጥሷል። የገመዱን ስፒና ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ማድረግም ያው ጉዳት አለው።

አሮጌ ኦርጅናል አዳፕተርም ያታልላል። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በሙቀት ብዛት ይደርቃሉ፤ በአዳማ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች፣ ኮርኒስ ላይ የተወረወረ አዳፕተር ዕድሜው ያጥራል። ጫና ሳይኖርበት በመልቲሜትር ቢለካ 24 ቮልት አሳምሮ ያሳያል፤ ሬዲዮው ሲሰካበት ግን ይወርዳል። ስለዚህ ባዶውን መለካት ማስረጃ አይሆንም። የሚፈተነው በጫና ነው፤ ለዚህ ደግሞ አዳማ የጂቡቲ መንገድ ከተማ መሆኗ ይጠቅማል። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ማንኛውም የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ የ24 ቮልት 5 ዋት እና 10 ዋት ትንንሽ የጎን መብራት አምፖሎች ይይዛል። የ5 ዋቱ 0.2 አምፒር ገደማ፣ የ10 ዋቱ 0.4 አምፒር ገደማ ይስባል። አንድ አሮጌ የኔትወርክ ገመድ ቆርጠው ሰማያዊና ነጭ-ሰማያዊውን አንድ ላይ፣ ቡናማና ነጭ-ቡናማውን አንድ ላይ ይጠምዝዙ፤ ከአምፖሉ መያዣ ጋር ያገናኙና በናስትሮ ይሸፍኑ። ሌላውን ጫፍ «ፒኦኢ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ባለ 0.3 አምፒሩ የ5 ዋቱን፣ ባለ 0.5 አምፒሩ የ10 ዋቱን አሥር ደቂቃ ተሸክሞ ከ23 ቮልት በታች ካልወረደ ጤነኛ ነው። አምፖሉ ቀዝቃዛ ሳለ ለቅጽበት ብዙ ስለሚስብ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብሎ ቢረጋ ችግር የለውም፤ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለ ግን አዳፕተሩ አልቻለም።

ስም የሌለው ኢንጀክተር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው እንደ ዩቢኩዊቲው ኦርጅናል አዳፕተርና ኢንጀክተር በአንድ ሳጥን የተዋሃደበት ነው። ሁለተኛው ወንድና ሴት ጫፍ ያላት አጭር ገመድ ስትሆን ኃይሉን የምትቀበለው በክብ ቀዳዳ ከሌላ አዳፕተር ነው፤ በውስጧ ሽቦ እንጂ ምንም መከላከያ የለም። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ከካሜራ በተረፈ የ12 ቮልት 1 አምፒር አዳፕተር ያበራታል። ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚቀበል የማይክሮቲክ ሬዲዮ ከሆነ በሁለት ሜትር ገመድ ይነሳል፤ ሻጩም ያንኑ አሳይቶ ይሸጣል። በ60 ሜትር ገመድ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። 6 ዋት የሚስብ ሬዲዮ በዚያ ርዝመት፣ ጥሩ መዳብ እንኳ ቢሆን፣ የሚደርሰው 7.5 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከ10 በታች ስለሆነ አይነሳም። ስለዚህ የ12 ቮልቷ ለአጭር ገመድ ብቻ ትሁን፤ ለላይትቢምና ለመሰሎቹ ጨርሶ አትሁን።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከ48 ቮልቱ ነው። የካሜራና የኢንተርኔት ስልክ ኢንጀክተሮች ከ24 ቮልቶቹ ጋር በመልክም በመጠንም ይመሳሰላሉ፣ አንድ መደርደሪያ ላይም ይቀመጣሉ። 802.3ኤኤፍ የሚባለውን የፒኦኢ ደረጃ የጠበቀው ስዊች ከ44 እስከ 57 ቮልት ቢኖረውም ከመልቀቁ በፊት ይጠይቃል፤ ፓሲቭ ሬዲዮ መልስ ስለማይሰጠው ኃይል አይሰጠውም። ሬዲዮው አይበራም፣ ግን አይቃጠልም። ፓሲቭ 48 ቮልት ግን ሳይጠይቅ ይለቃል፣ የ24 ቮልቱን ሬዲዮ በቅጽበት ይገድላል። ጽሑፉን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ሱቁ ውስጥ ከፒን 4/5 ወደ 7/8 በመልቲሜትር ለክቶ መውጣት ነው። ቀዩ የመልቲሜትር ጫፍ 4/5 ላይ፣ ጥቁሩ 7/8 ላይ ይሁን፤ ሲለካ የመቀነስ ምልክት ከመጣ ፖላሪቲው የተገለበጠ ነው። ካኖፒ የሚባሉት የሞቶሮላ የቀድሞ ሬዲዮዎች በ7/8 ፖዘቲቭ በ4/5 ኔጋቲቭ ይጠቀሙ ስለነበር እንዲህ ያለ አዳፕተር በአሮጌ ዕቃ መካከል ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ሚኒ ዩፒኤስ። ለሚሄድና ለሚመጣ መብራት ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ ግምገማ እንዲገዛ ይመክራል። የሚገዛው ግን «ፒኦኢ 15/24 ቮልት» ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዓይነት ብቻ ነው፣ በሚከተሉትም ሁኔታዎች።

አንደኛ፣ ማብሪያው 24 ላይ ይሁን። ከፋብሪካ 15 ላይ ሆኖ ቢመጣ ወይም በጽዳት ጊዜ በእጅ ቢንሸራተት የሚፈጠረውን ችግር ብዙ ሰው ከሬዲዮው ብልሽት መለየት ያቅተዋል። በቀጭን ርካሽ ገመድ፣ 60 ሜትር ላይ፣ በ15 ቮልት እስከ ጣሪያ ሊደርስ የሚችለው ኃይል ቢበዛ 4.5 ዋት አካባቢ ነው። 6 ዋት የሚፈልግ ሬዲዮ በምንም ዘዴ አይነሳበትም፤ ጠቋሚ መብራቱ ይበራል፣ ሊነሳ ይሞክራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። 24 ላይ ካደረጉ በኋላ ማብሪያዋን በናስትሮ ያሽጓት።

ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ሚሊአምፒር አይወሰኑ። 8800 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው በባትሪው በራሱ 3.7 ቮልት ነው። በዋት-ሰዓት 32.5 ገደማ ይሆናል፤ ወደ 24 ቮልት ሲያድግ የሚባክነው ሲቀነስ 27 አካባቢ ይቀራል። 6 ዋት የሚስብ ሬዲዮ ብቻውን ከሆነ አራት ሰዓት ተኩል፤ 6 ዋት የሚስብ ራውተር በ12 ቮልቱ ቀዳዳ ከተጨመረ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ይህ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው። ውስጡ ያረጁ ሴሎች ከተገጠሙበት ግማሹም ላይገኝ ይችላል፣ ከውጭ አይቶ ማወቅም አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ሚኒ ዩፒኤስ ባብዛኛው ባለ ሁለት እግር ነው፤ ግራውንድ የለውም። ኦርጅናሉን አዳፕተር አንስተው በእሱ ሲተኩ የሰርጅ መውረጃውን አብረው አነሱት ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱ ቤት ከሚገባበት ቦታ ላይ ለብቻው የኢተርኔት ሰርጅ መከላከያ ይገጠም፣ ከእሱም ወፍራም ሽቦ እስከ ግራውንድ ዘንግ ይሳብ። ይህ ወጪ ካልተቻለ በክረምት መብረቅ ሲጀምር ገመዱን መንቀል ብቸኛው ጥበቃ ነው።

አራተኛ፣ ሙቀት። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ከቆርቆሮ በታች ያለ ኮርኒስ በአዳማ ፀሐይ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ፣ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። በባትሪ ላይ እያለ ደግሞ የሬዲዮውን ፋየርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌሩን) ማደስ ፈጽሞ አይገባም፤ መሀል ላይ ቢጠፋ ሬዲዮው ላይመለስ ይችላል። ሊንኩ ሁለት ጫፍ እንዳለውም አይዘንጋ። አንዱ ሰፈር መብራት ኖሮ ሌላው ከሌለው፣ መብራት ባለበት በኩል ብቻ የተገዛ ሚኒ ዩፒኤስ ምንም አያተርፍም።

ከሦስቱም ዕቃ በላይ ግን ዋናውን ጥፋት የሚሠራው ገመዱ ነው። ሱቅ ውስጥ «ካት 5ኢ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም፤ ብዙው አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብ የተቀባ ነው። ቀለሙ አንድ ነው፣ ዋጋው ይረክሳል። የአሉሚኒየሙ ሬዚስታንስ ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል፤ ሽቦው ከቀጠነ ደግሞ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ለመለየት አንዱን ሽቦ ልጠው በቢላ ጫፍ ይፋቁት፤ ከቀዩ በታች ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት ቶሎ ከተቀነጠሰም ያው ነው። ክብደቱም ይናገራል፦ የ305 ሜትር ሙሉ ካርቶን ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ብቻውን አራት ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝናል፣ በአሉሚኒየሙ ግን ሁለት ኪሎም አይሞላም። የተቆረጠ 100 ሜትር ጥቅል ሲገዙ የአንዱን ሽቦ ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር ይለኩ፤ ጥሩ መዳብ ከ9.4 ኦም አያልፍም፣ 14 እና 15 ካሳየ መተው ነው።

ልዩነቱ በሬዲዮው ላይ ምን ያህል ነው? 24 ቮልት ተሰጥቶ፣ 60 ሜትር ላይ፣ 6 ዋት ለሚስብ ሬዲዮ በጥሩ መዳብ 22.5 ቮልት ይደርሰዋል። በቀጭኑ የተቀባ አሉሚኒየም 20 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ገና በአዲስነቱ ነው። ሬዲዮው የሚስበው ዋት ስለማይቀንስ ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩን ይጨምራል፣ አምፒሩ ሲጨምር ገመዱ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይበዛል። ከስምንቱ አንዱ ሽቦ፣ ለምሳሌ ሰማያዊው፣ ኮኔክተሩ ውስጥ በደንብ ካልተነከሰ ፖዘቲቩ በአንድ ሽቦ ብቻ ይሄዳል፤ ሬዲዮው ይሠራል፣ ግን ጫፍ ላይ ቆሞ ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት ነው ቴክኒሻኖችን የሚያደክመው፣ ምክንያቱም የገመድ መፈተሻው ስምንቱንም መብራት ሊያበራ ይችላል።

የአዳማ ንፋስ ይህን ያባብሰዋል። ከከተማዋ ውጭ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩትን ሁለቱን የንፋስ ጣቢያዎች ያስተከለው ንፋስ ያልታሰረን ገመድ ቀኑን ሙሉ ያወዛውዛል፤ የሚቆረጠውም ሬዲዮው ሥር፣ ኮኔክተሩ አጠገብ ነው። ጥቁር፣ ፀሐይ የሚችል የውጭ ገመድ ይገዛ፤ በየግማሽ ሜትሩ ከፓይፑ ጋር ይታሰር። ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች አጠፍ ተደርጎ ውኃ የሚንጠባጠብበት ይበጅለት። ግራጫው የቤት ውስጥ ገመድ ሽፋኑ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባል፣ ኃይል የሚሸከሙት ፖዘቲቭ ፒኖች 4 እና 5 ቀድመው አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ። ኮኔክተር ሲፈታ እነዚያን ሁለቱን በጥንቃቄ ማየት ነው።

ችግር ሲመጣ አፈላለጉ ከታች ወደ ላይ ይሁን። በመጀመሪያ፣ ሬዲዮው ከተነሳ የማስተካከያ ገጹን በኮምፒውተር ብራውዘር ከፍተው ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሚያሳየውን ቁጥር ይዩ። ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ዩቢኩዊቲ በ192.168.1.20፣ ማይክሮቲክ በ192.168.88.1 ይገኛል። ቁጥሩ ደቂቃ ብቻ ከሆነ እየጠፋ እየተነሳ ነው፣ ኃይሉን ይከተሉ። ቀናት ከሆነ ግን ኃይሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ሲግናል ወይም ጣልቃ የሚገባ ሌላ ሬዲዮ ስለሆነ አዳፕተር መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው። ማይክሮቲክ በሎጉ ላይ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሳቱንና ምናልባት ኃይል ተቋርጦ መሆኑን ጽፎ ያስቀምጣል።

ጨርሶ ካልተነሳ፣ ወደ ጣሪያ የሚሄደውን ገመድ ከአዳፕተሩ ነቅለው ጠቋሚ መብራቱን ይመልከቱ። ሲነቀል በርቶ ሲሰካ የሚጠፋ ከሆነ ገመዱ ወይም ሬዲዮው ሾርት ሠርቷል። ሲነቀልም የማይበራ ከሆነ አዳፕተሩ ነው፤ ግን ከመጣልዎ በፊት ሶኬቱንና ዲቫይደሩን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ። «ላን» እና «ፒኦኢ» የሚሉት ቀዳዳዎች ተለዋውጠው ከሆነም በዚሁ ጊዜ ይታያል፤ የፒኦኢው ጫፍ ኮምፒውተር ላይ እንዳይሰካ።

አዳፕተሩ በአምፖል ተፈትኖ ካለፈ አዳፕተሩንና አንድ ሜትር ገመድ ይዘው በማራዘሚያ ጣሪያ ይውጡ። በአጭሩ ገመድ ሬዲዮው ከተነሳና ሳይጠፋ ከቆየ ጥፋቱ የረጅሙ ገመድ ነው። ያኔ ኃይሉን ነቅለው ላይኛው ጫፍ ላይ 4፣ 5፣ 7 እና 8ን አንድ ላይ ያገናኙ፤ ታች ሆነው 4/5ን አጣምረው ከ7/8 ጥምር ጋር ይለኩ። 60 ሜትር ጥሩ መዳብ ከ5.6 ኦም አያልፍም። 8 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ወይ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ አንዱ ሽቦ ተቆርጧል። መጀመሪያ ሁለቱንም ኮኔክተር በአዲስ ይቀይሩና ደግመው ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ የሚድነው በዚህ ነው። በአጭሩ ገመድ፣ በጤነኛ አዳፕተርም ካልተነሳ ብቻ ነው ሬዲዮው «ተቃጥሏል» የሚባለው።

ከግድግዳው በኩል ያለውም አይረሳ። ጥሩ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ሲቀንስ ብዙ አይጨነቅም። የሚገድለው ትርፉ ነው፦ ከውጭ ኑትራል ሲበጠስ ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ለፍሪጅ የሚሸጠው ቮልቴጅ መከላከያ ከገደብ ሲያልፍ ስለሚቆርጥና መብራት ሲመጣ ደቂቃዎች ቆይቶ ስለሚለቅ ለሬዲዮም ይሆናል፤ አንዱ ሙሉ ዲቫይደሩን ይጠብቃል።

ሚኒ ዩፒኤስ የገዙ ዕለት ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፣ ሬዲዮውን ብቻ በ24 ቮልት ያገናኙ፣ ስፒናውን ነቅለው እስኪጠፋ ሰዓቱን ይያዙ። 8800 ተብሎ የተሸጠ ሆኖ 6 ዋት በሚስብ ሬዲዮ ሦስት ሰዓት ካልሞላ፣ ሱቁ ዕቃ በሚቀበልበት ጊዜ ውስጥ ከነካርቶኑ ይመልሱት።